ቢላው ገባ፣ ሠሪው ደጅ ቀረ

ቢላ ሃይማኖት አለው?

ጥያቄው የቂል ይመስላል። በእኛ አገር ግን ሥጋ ሃይማኖት አለው። የክርስቲያን ሥጋ አለ፤ የእስላም ሥጋ አለ። ልኳንዳ ቤቱ በራፍ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ተስሎ እናያለን። በሬው አንድ በረት ያደረ፣ አንድ ሜዳ የጋጠ ቢሆንም፣ በስመ አብ ተብሎ ሲታረድ ወደ አንዱ ማዕድ፣ ቢስሚላህ ተብሎ ሲታረድ ወደ ሌላው ማዕድ ይሄዳል። ሠርግ ስንደግስ ለሌላው እምነት ጎረቤት ድንኳኑ ለብቻ፣ አራጁ ለብቻ፣ ድስቱ ለብቻ ነው። ተከባብሮ ለሚኖር ሰው ደግ ልማድ ነው፤ እኔም አልጠላውም። የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ስለ አራጁ፣ ስለ ጸሎቱና ስለ ድስቱ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሕዝብ፣ «ቢላውን ማን ሠራው?» ብሎ ሥጋ የመለሰበትን ቀን ሰምቼ አላውቅም።

የዛሬው ወጌ ስለዚሁ ቢላ ነው። ቦታውም ጭልጋ ነው፤ ከተማው አይከል።

አይከል ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ወደ ሱዳን ቆላ መውረድ ከመጀመሩ በፊት ቁጭ ያለች ከተማ ናት። ጭልጋ ከጎንደር ነገሥታት ዘመን ጀምሮ ወደ ሱዳን የሚወርድ፣ ከሱዳን የሚወጣ ነጋዴ መተላለፊያ ነው። አገሩ የብዙ ሕዝብ አገር ነው። ኦርቶዶክሱ አለ፣ ሙስሊሙ አለ፣ ቅማንቱ አለ። ፍሬድሪክ ጋምስት የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ አጥኚ ሕገ ልቡና የሚባለውን ቀደምት እምነት ይከተሉ ስለነበሩት ቅማንቶች እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመውን መጽሐፍ የጻፈው እዚሁ አካባቢ ተቀምጦ አጥንቶ ነው። በእነዚህ ሁሉ መካከል ደግሞ፣ በጭልጋም በደምቢያም፣ በወገራም በሰሜንም፣ ቤተ እስራኤል የሚባሉት ይኖሩ ነበር። እኛ «ፈላሻ» የምንላቸው፤ እነሱ ግን ስሙን የማይወዱት።

እንግዲህ አስቡት። ክርስቲያኑ የቤተ እስራኤል ያረደውን አይበላም፤ ቤተ እስራኤሉም ክርስቲያኑ ያረደውን አይቀምስም። ሙስሊሙም የራሱን፣ ቅማንቱም የራሱን ያርዳል። ገበያ ላይ ጤፍ ይገዛዛሉ፣ ሐዘን ላይ ይደራረሳሉ፣ ሥጋ ላይ ሲደርሱ ግን ይለያያሉ። የሚያርዱበት ቢላ ግን ከአንድ ምድጃ የወጣ ነበር። ብረት ቀጥቅጦ ቢላ፣ ማጭድና ማረሻ የሚያወጣው በአብዛኛው የቤተ እስራኤሉ ሰው ነበርና። የፋሲካውን በግ ያረደው፣ የአረፋውን ፍየል ያረደው የእሱ እጅ ሥራ ነው። ቢላው እጓዳ ገባ፤ ሠሪው ደጅ ቀረ።

አሠራሩን አይተነው ይሆናል፤ ልብ ያልነው ግን ጥቂቶች ነን። ቀጥቃጩ መሬት ላይ ቁጭ ይላል። ከፊቱ የከሰል ምድጃ አለ፤ ከጎኑ ከፍየል ቆዳ የተሰፋ ጥንድ ወናፍ። ወናፉን የሚነፋው ብዙ ጊዜ ልጁ ነው፤ አንዱን ሲያነሣ ሌላውን እየተጫነ ትንፋሽ ሳያቋርጥ ይነፋል። ብረቱ ሲቀላ በጉጠት ይይዘውና መስፉ ላይ አኑሮ በመዶሻ ያሳሳዋል። ከዚያ እንደገና እሳት፣ እንደገና መዶሻ። ጥበቡ ያለው ግን መጨረሻው ላይ ነው፤ ውሃ መንከሩ ላይ። ከመጠን በላይ ግሎ የተነከረ ብረት ይደርቅና ቀንድ ሲመታ ይሸረፋል። በርዶ የተነከረ ደግሞ ስለት አይይዝም፤ ሥጋውን ያኝካል እንጂ አይቆርጥም። ልኩን የሚያውቀው የቀጥቃጩ ዐይን ነው። ቴርሞሜትር የለ፣ ሰዓት የለ፤ የብረቱን ቀለም አይቶ «አሁን!» ይላል። ከዚያ በኋላ ሞረድ፣ ከሞረድ በኋላ ከወይራ ወይም ከቀንድ የተቀረጸ እጀታ። አፎቱን የሚሰፋው ፋቂው ነው፤ እሱም ሌላ የተናቀ ባለሙያ። ባላገሩ ታዲያ የክት ቢላውን በእነዚህ በሁለት የተናቁ ሰዎች ሥራ አሳምሮ ወገቡ ላይ ይሻጠዋል።

ያ ዐይን ነው እንግዲህ ጣጣ ያመጣው። «ቡዳ» ተባለ። ቀን ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ መቃብር ይቆፍራል ተባለ። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችን የኖረው እንግሊዛዊ ማንስፊልድ ፓርኪንስ ይህንኑ የባላገር ወሬ ሰምቶ ከትቦታል። ሐጋር ሳላሞን የተባለችው ተመራማሪም እስራኤል ከገቡ ቤተ እስራኤሎች አፍ ስለ ቀድሞ ጎረቤቶቻቸው የሰበሰበችውን ትዝታ እ.ኤ.አ. በ1999 ስታሳትም መጽሐፏን የሰየመችው በዚሁ በጅቡ ነገር ነው። ነገሩን የባሰ አስገራሚ የሚያደርገው መድኃኒቱ ነው። አራስ ከቡዳና ከክፉ መንፈስ ትጠበቅ ዘንድ ትራሷ ሥር ምን ይቀመጥላታል? ብረት። ብዙ ጊዜም ቢላ። ቡዳ ነው የተባለው ሰው የሠራው ቢላ ከቡዳ ይጠብቃታል። ይህን የሚያስታርቅ ሎጂክ ፈልጌ አጣሁ።

እውነቱን ለመናገር ርቀቱ የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ቤተ እስራኤሎችም በበኩላቸው የመንጻት ሕግ ነበራቸው። ከሌላው ጋር ተነካክተው የዋሉ እንደሆነ ወንዝ ወርደው ታጥበው ነበር ቤታቸው የሚገቡት። «አትንኩኝ» ይባል ነበር ነገሩ። ሁለቱም ወገን ሌላውን ያነወረ ይመስለዋል። ልዩነቱ ግን አንዱ ወገን መሬት ነበረው፤ ሌላው አልነበረውም። ታሪኩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1414 እስከ 1429 የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ ወገራ ላይ ቤተ እስራኤሎችን ድል ከነሡ በኋላ ክርስትና የተነሣ የአባቱን ርስት ይያዝ፣ ያልተነሣ ግን ፈላሲ ይሁን ብለው እንዳወጁ በወግ ይነገራል። «ፈላሻ» የሚለው ስም ከዚያ መጣ የሚሉም አሉ። የነገሩ ፍሬ ስሙ ላይ አይደለም፤ ርስቱ ላይ ነው። በጎንደር ምድር ርስት የሌለው ሰው ሰው አይደለም፤ የሌላው ጭሰኛ ነው። ጄምስ ክዊሪን የተባለው የታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ያስረዳል፦ መሬቱን ያጣ ሕዝብ ወደ እጁ ዞረ። ወንዱ ወደ ብረት፣ ሴቷ ወደ ሸክላ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ በሰሜን ተራሮች የቀረው የራሳቸው አገዛዝ ሲፈርስ ደግሞ መንገዱ ተዘጋ። ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ቆርቁረው ግንቡ ሲነሣ፣ ተከትለዋቸው የመጡት ነገሥታትም ግንብ በግንብ ላይ ሲጨምሩ፣ ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል ቤተ እስራኤሎች ነበሩበት። ዛሬ ፎቶ የምንነሣበት ድንጋይ የእነሱም ላብ አለበት።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ብረት ስለቀጠቀጡ አይደለም የተገፉት፤ ስለተገፉ ነው ብረት የቀጠቀጡት። ስድቡ በኋላ የመጣ ማብራሪያ ነው። ሰውን ከርስቱ ካወጣህ በኋላ ለምን እንዳወጣኸው ለልጅህ የምትነግረው ተረት ያስፈልግሃል። ቡዳ የሚለው ተረት ይህን ሥራ በደንብ ሠርቷል።

«የለም፣ ብረት ሠሪ በየትም አገር የተናቀ ነው፤ ከእሳት ጋር የሚውል ሰው ይፈራል» የሚለኝ ይኖራል። በየትም አገር እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ የሩቅ ደሴት ቢላ ላምጣ።

በጃፓን ሰሜን ጫፍ ያለችው ሆካይዶ የአንድ ቀደምት ሕዝብ አገር ናት። የሕዝቡ ስም አይኑ ይባላል። እኛ «ዐይኑ» ስንል ከላይ ወደ ተነጋገርንበት ጉዳይ ይወስደን ይሆናል፤ በእነሱ ቋንቋ ግን ቃሉ «ሰው» ማለት ነው። የአይኑ ሰው ከወገቡ የማይለየው አጭር ቢላ አለው፤ ማኪሪ ይሉታል። ዓሣ ያርድበታል፣ የአደን ሥጋ ይበልትበታል፣ እንጨት ይቀርጽበታል። እጀታውና አፎቱ እንጨት ሆኖ በሚያምር ሐረግ ይቀረጻል። ወጣቱ ለወደዳት ልጅ የሴት ማኪሪ ቀርጾ ይሰጣታል፤ እሷም ከተቀበለችና ወገቧ ላይ ካደረገችው ነገሩ አለቀ። ሽማግሌ ሳይላክ ቢላ ሄደ ማለት ነው።

ታዲያ እጀታውና አፎቱ የአይኑ ሥራ ሲሆን ስለቱ ግን በአብዛኛው የጃፓን ነበር። ከደቡብ ተሻግረው ከሠፈሩት ጃፓኖች በንግድ ይገዙታል። እ.ኤ.አ. በ1456 ሺኖሪ በተባለች የሠፋሪዎች መንደር፣ ከዛሬዋ ሃኮዳቴ ከተማ አጠገብ፣ አንድ የአይኑ ጎረምሳ ለጃፓናዊ ብረት ሠሪ ማኪሪ አዘዘ። ቢላው ሲደርስ በጥራቱና በዋጋው ተጨቃጨቁ። ብረት ሠሪው በዚያው በሠራው ቢላ ጎረምሳውን ወግቶ ገደለው። በዓመቱ፣ በ1457፣ ኮሻማይን የተባለ አለቃ አይኑዎችን አስነሥቶ ከሠፋሪዎቹ 12 ምሽጎች 10 ያህሉን ጣለ። በመጨረሻ ግን ተገደለ። ያሸነፈው ወገን ዘሮች በኋላ የማትሱማኤ ገዢዎች ሆኑ፤ ታሪኩንም በ1646 ያስጻፉት እነሱው ናቸው። የተሸነፈው ወገን ቢጽፈው ምን ይል እንደነበር እናንተው ገምቱ።

እዚያ ነገሩ ከእኛ ተገልብጧል። በጎንደር ብረት ሠሪው መሬት አልባው ሲሆን፣ ገዢው ባለርስት ነው። በአይኑዎች አገር ብረት ሠሪው ከኋላው ጦር ያለው ሠፋሪ ሲሆን፣ ገዢው መሬቱን ሊነጠቅ የተሰለፈ ባላገር ነው። ጃፓን አይኑዎችን ለመናቅ የብረት ሠሪነት ሰበብ አላስፈለጋትም። በ1869 ደሴቷን ሆካይዶ ብላ ሰየመቻት፤ በ1899 ባወጣችው ሕግ የአገሩን ባለቤቶች «የቀድሞ ተወላጆች» አለቻቸው። «የቀድሞ» የሚለውን ቃል አስተውሉልኝ። ያ ሕግ እስከ 1997 አልተሻረም፤ ቀደምት ሕዝብ መሆናቸው በሕግ የተጻፈውም በ2019 ነው። ሁለት አገር፣ ሁለት ቢላ፣ ሥራውም ሠሪውም የተለያየ። መዶሻው አንዱን አላዋረደ፣ ሌላውን አላከበረ። የወሰነው መሬቱ የማን ነው የሚለው ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በሥነ ጽሑፍ መምህርነቴ ዘመን አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ «ጠይብ» ብዬ ጻፍኩና ትርጉሙን ጠየቅሁ። ክፍሉ ሳቀ። አንዱ «ስድብ ነው» አለ፤ ሌላዋ «ቡዳ ማለት ነው» አለች። ከጎኑ «ጠቢብ» ብዬ ጻፍኩ። ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ጠቢቡን ሰሎሞን ስናከብርበት የኖርነውን ቃል አንድ ፊደል ለውጠንለት ብረት ሠሪውን ሰደብንበት። «ባለእጅ»ንም እንደዚሁ። እጅ የሌለው ማን አለ? እጅ ያለው መባል ስድብ የሚሆነው በእጅ መሥራት ነውር በሆነበት አገር ብቻ ነው። ክፍሉ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ደብተሩ ላይ የሚጽፍ አንድ ልጅ ነበር። ምን እንደጻፈ አልጠየቅሁትም፤ ሲስቅ ግን አላየሁትም።

ይህን ነውር ቀድመው ያዩ ነበሩ። ከቋራ የተነሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ለማሠራት የፈረንጅ ሚስዮናውያንን ይዘው ሲጨነቁ፣ አገሬው የራሱን ብረት ሠሪ ቡዳ እያለ ይሸሽ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን አትስደቡ፤ በዚህ ምክንያት ነው አገራችን ሙያተኛ ያጣችው የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ ነው። አዋጁ ተነበበ፣ ነጋሪቱ ተጎሰመ፣ ሰዉም እሺ ብሎ ቤቱ ገባ። ምን ዋጋ አለው! ስድብ በአዋጅ ቢጠፋ ኖሮ የእኛን ያህል የጸዳ አንደበት ያለው ሕዝብ አይገኝም ነበር።

ከአዋጁ የበለጠ የሠራው ሌላ አዋጅ ነው፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ። ከይስሐቅ ዘመን ከአምስት መቶ ዓመታት በላይ በኋላ የቤተ እስራኤል ገበሬ እንደማንኛውም ገበሬ መሬት የማረስ መብት አገኘ። ወዮ ለጊዜው! አሥር ዓመት ሳይሞላ የእርስ በርስ ጦርነቱና ረሃቡ መጣ፤ በሌላ በኩልም የኢየሩሳሌም ጥሪ። ጎንደርን እየለቀቁ ወደ ሱዳን በእግር ወረዱ። ጉዞው በሌሊት ነው፤ ሽፍታ አለ፣ ጥም አለ፣ ወባ አለ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ያለቁት እስከ 4 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ወደ 8 ሺህ ሰዎች ከሱዳን በአውሮፕላን ተወሰዱ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ፣ ደርግ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት፣ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ከአዲስ አበባ በረሩ። አውሮፕላን ላይ ወናፍና መስፍ አይጫንም። ብዙው የእጅ ሙያ እዚህ ቀረ፤ የደረሱበት አገር ቢላውን ከፋብሪካ የሚያወጣ አገር ነውና እዚያም ብዙ አላስፈለገም።

እዚህስ? ከጎንደር ወጣ ብላ ወለቃ አለች፤ የቀድሞዋ የቤተ እስራኤል መንደር። ባለቤቶቹ ከሄዱ በኋላም ለጎብኚ ሸክላው ይሸጥ ነበር፤ ሠሪዎቹ ሌሎች። ቢላውም እንዲሁ ነው። ዛሬ በባላገር ገበያ የምናገኘው የአገር ቢላ ብዙውን ጊዜ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው። ከጎኑ የቻይናው ቢላ ላስቲክ እጀታውን ይዞ ያብረቀርቃል። ባላገሩ ሁለቱንም አንሥቶ በአውራ ጣቱ ስለታቸውን ይዳስሳል፤ ለበዓል የሚገዛ ከሆነ ባሌስትራውን ይመርጣል። ቀጥቃጩ ግን አሁን ማን ነው? ክርስቲያን ነው፣ ሙስሊም ነው፤ የቤተ እስራኤል ዘር አይደለም። ሆኖም ልጁን ለማግባት ሽማግሌ የሚልክ ቤተሰብ ድንገት «ለመሆኑ ዘራቸው ምንድነው?» ብሎ ያንሾካሹካል። ሰዎቹ ሄዱ፤ ስድቡ ግን ሥራውን ተከትሎ እዚሁ ቀረ። አዲስ ሰው ሲያገኝ አዲስ ሰው ላይ ተቀመጠ። የዘር ነገር አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ ምን ያስረዳል?

ይህ የድሮ ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምኩ። ዛሬ በየከተማው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ከፍተን ወጣቱን ብየዳና ብረታ ብረት ተማር እንላለን። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅ እንላለን። ልጁ እናቱ ዘንድ ሲሄድ ግን «ጎረቤት ምን ይለኛል፤ ቢሮ ፈልግ» ትለዋለች። የእናትየውን አፍ የሠራው የዛሬው ድህነት ብቻ አይደለም፤ አምስት መቶ ዓመት የተቀጠቀጠ ቃል ነው። ለኮሌጁ ማሽን መግዛት ይቻላል። ቃሉን የሚያቀልጥ ምድጃ ግን የሚገዛበት ገበያ የለም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የጃፓን ሰይፍ ሠሪዎች በእጀታው ውስጥ በሚሸሸገው የብረቱ ጫፍ ላይ ስማቸውን ይቀርጻሉ። ሰይፉ ሦስት መቶ ዓመት ዘልቆ እጀታው ሲነቀል የሠሪው ስም ከነመንደሩ ይነበባል። የእኛን ቢላ እጀታ ስንቴ ነቅዬ አየሁ፤ ዝገት ነው ያለው። ሠሪው ስሙን ቢጽፍ ኖሮ ምናልባት ሥጋውም ይመለስ ነበር፤ ስም የሌለው ቢላ ነው ሁሉም ቤት መግባት የቻለው። ለዚህ ነው ቢላ ሃይማኖት የለውም ማለት ከበደኝ። ሃይማኖት ያጣ አይመስለኝም፤ ስሙን እንዲደብቅ የተደረገ ይመስለኛል።

ለመጪው በዓል ቢላ ልትገዙ አይከልም ሆነ ሌላ ገበያ ስትወጡ፣ ስለቱን በአውራ ጣታችሁ ዳስሱ፣ ዋጋውንም ተከራከሩ፤ ወጋችን ነው። ከዚያ ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩ። «የማን እጅ ነው?» በሉ። ስሙን ይነግራችኋል። ቤት ስትገቡም ለልጆቻችሁ ያንን ስም ንገሯቸው።